ይግባኙን እኛ ሰማነው

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። በሩ ሳይከፈት ሽታው ወጥቶ ተቀበለኝ፤ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደህና መጣህ» ያለኝ መሰለኝ። ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ያደረ ሽሮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ። ዘቡ በሩን ሲገፋው ጨለማው ውስጥ የታዩኝ ዓይኖች ብቻ ነበሩ። ክፍሉ ለሰው የተሠራ አይመስልም። እንደኔ ግምት አናጺው የዶሮ ቤት ጀምሮ፣ ለዶሮ ይጠባል ብሎ የተወው ነው። አንዱ ጎኑን ሲቀይር ሁላችንም መቀየር ነበረብን። እግሬን አከክሁ ብዬ የሌላ ሰው እግር ሳክ ያደርኩበት ጊዜ አለ፤ ሰውየውም አመስግኖኛል።

ፖለቲከኛ አይደለሁም። ሐዋሳ፣ ፒያሳ ውስጥ ጄሪካንና ሳፋ የምሸጥ ሰው ነኝ። ያሳሰረኝ አፌ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ጠርቶን ሄድን፤ አንድ ሽማግሌ ተነሡና ስለ ሐይቁ ዳር መሬት መጠየቅ ጀመሩ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታጥሮ ነበር። ሽማግሌው ነገሩን ከሥሩ ነው የሚያነሡት፤ በቀስታ፣ አንድ በአንድ፣ ቃሉን እየመረጡ። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ «አጠር ያድርጉት አባት» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ምላሴን በላኝ።

«አባባ ቶሎ ይበሉ እንጂ! ጥያቄውን ሳይጨርሱ ሐይቁም ይታጠራል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ጭብጨባ ሆነ፣ ጭብጨባው ፉጨት፣ ፉጨቱ ጩኸት፤ ስብሰባው ተበተነ። የሽማግሌው ጥያቄ ግማሹ ላይ ቀረ። በማግስቱ ሁለታችንንም ለቀሙን። ክሳችን አንድ፣ መዝገባችን አንድ፦ ስብሰባ ማወክና ሕዝብ ማነሳሳት። አንደኛ ተከሳሽ እሳቸው፣ ሁለተኛ እኔ። በተማርኩበት ዘመን ሁሉ ሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ሲዳማ ናቸው፣ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ካለ ሰፈር። እዚያ ሶንጎ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው የሰው ጉዳይ የሚያዩበት ሸንጎ ነው። ይህንን ማንም ሳይነግረኝ ከአቀማመጣቸው ማወቅ እችል ነበር። እኛ ሁላችን እንደታጠፈ ሸራ ተኮራምተን ስንቀመጥ፣ እሳቸው እዚያው ሲሚንቶ ላይ ሆነው ወንበር ላይ ያሉ ይመስላሉ።

የሥር ፍርድ ቤት ቀርበን ሊናገሩ ሲነሡ ዳኛው «ወደ ጭብጡ» አሏቸው። እንደገና ከሥሩ ጀመሩ። «ወደ ጭብጡ!» ተቀመጡ። ጥፋተኛ ተባልን፣ ተፈረደብን፣ ይግባኝ አልን። ከዚያ መጠበቅ።

ታዲያ እኔ ሥራ ስፈታ አደገኛ ሰው ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ችሎት ከፈትኩ። ዳኛው እኔ፣ ካባዬ ብርድ ልብስ፣ መዶሻዬ የውኃ ኮዳ። የክፍላችን አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ በአደጋ ሰው ገጭቶ የገባ የሻሸመኔ ሹፌር ነው፤ ሲያንኮራፋ ሲኖትራክ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማንኮራፋት» ከሰስኩት። ሊከላከል አፉን ሲከፍት ኮዳውን መታሁና ከባልዲው ጎን እንዲተኛ ፈረድኩበት። ይግባኝ አለ። ይግባኙንም እኔው አየሁት፤ አጸናሁት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ሳቃችን ሐይቁን ተሻግሮ ተሰምቷል ብዬ ብምል አላፍርም።

ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም።

«ሰውየው ሳይጨርስ ፈረድክበት» አሉኝ።

«አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታም ቢሆን። እኛ ጋ ነገር ሲከፈት አፊኒ ይባላል። ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ ፍርድ የለም። ተናጋሪው ራሱ ጨርሻለሁ ካላለ ደግሞ፣ ሰማሁ አይባልም። ዳኛ እንኳ አይልም።»

«ታዲያ አንዱ ለሳምንት ቢያወራስ?»

«ሳምንት ይቀመጣሉ።»

እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ካለ ዳኞቹ ትራስ ይዘው መምጣት አለባቸው አልኩና ሰዎቹን አሳቅሁ።

የይግባኙ ቀን ዓርብ ነበር። ሽማግሌው ኮታቸውን ሌሊቱን ሙሉ ከፍራሽ ሥር አስተኝተው ተኩሰውታል። በአንድ ካቴና፣ የእኔ ቀኝ ከእሳቸው ግራ ታስረን፣ ፒክአፕ ላይ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ለዳኞቹ የሚሉትን እየደረደሩ ነው። «ዛሬ ሦስት ዳኞች ናቸው» አሉኝ። «ሦስት ሰው ከሰማ፣ ተሰማ ማለት ነው።»

ዳኞቹ ተሰየሙ። ካቴናችን ገና አልተፈታም። መሐል ያሉት ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው ከወረቀት አነበቡ። ይግባኝ ባዮች በይቅርታ እንዲፈቱ ስለ ተወሰነ፣ ይግባኙን ማየት ፋይዳ የሌለው ሆኖ ተገኝቷል። መዝገቡ ተዘግቷል።

ይቅርታ! ማን ጠየቀልን? ኋላ እንደ ሰማነው ማረሚያ ቤቱ ለበዓሉ የብዙ ሰው ስም በጅምላ ልኮ ኖሯል፤ የእኛም አብሮ ሄዷል። በዚያች ደቂቃ ግን ማን ጠየቀ ማን አልጠየቀ ምን ገዶኝ። ሚስቴ ታየችኝ፣ አልጋዬ ታየኝ፣ ጥብስ ዓሣ ከነሚጥሚጣው ታየኝ። ከደስታ ብዛት አጨበጨብኩ። ካቴናውን ረስቼዋለሁ። የሽማግሌው እጅ ከእጄ ጋር ብድግ፣ ብድግ አለ። ለችሎቱ አብረን ያጨበጨብን መሰልን።

እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች አወረዱት። የእኔም አብሮ ወረደ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም» አሉ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አነሡ። «አባት፣ ሊፈቱ እኮ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«እንድትሰሙኝ።»

«አሁን ብንሰማዎት ምንም አይለውጥም። ፋይዳ የለውም። ቀጣይ መዝገብ!»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ሁለተኛ ይግባኝ ባይ እኔ ነኝ፤ አፍ አለኝ፤ ከሐዋሳ አፍ ሁሉ የሚበልጥ አፍ። እኔ ግን ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም። እንዲህ ተመስጬ ያየሁት ጣሪያ በሕይወቴ የለም።

ክፍላችን ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ካቦው አቅፎ ከመሬት አነሣኝ። ብርድ ልብሴን ለአንዱ፣ ኮዳዬን ለሌላው አወረስኩ። የቀረችኝን ካናቴራና ሳሙና በፌስታል ቋጠርኩ። ወዲያው የጥበቃው ኃላፊ በሩ ላይ ቆመና ሁሉም እስረኛ በሕልሙ የሚሰማትን ቃል ጠራ፦ «ሁለታችሁም፣ ከነዕቃችሁ!»

እኔ ብድግ አልኩ። ሽማግሌው እንደ ተቀመጡ ናቸው።

«አባት፣ ተፈትተዋል» አለ ኃላፊው።

«አልተፈታሁም። ማንም አልሰማኝም።»

ኃላፊው እኔን አየኝ፣ ካቦውን አየው፣ ወረቀቱን አየ። እስረኛ ሊያመልጥ ሲል ምን እንደሚደረግ ተምሯል፤ አልወጣም ሲል ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረውም።

«ስሙ» አለ በመጨረሻ። «ትዕዛዙ አንድ ነው፣ መዝገቡም አንድ ነው። አብራችሁ ትወጣላችሁ ወይ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ይዘጋል፤ ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሑድ፣ ሰኞ በዓል ነው። እኔም ሰው ነኝ፣ አገሬ እገባለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ሚስትህ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆማለች። በሩን ልትነቅለው ነው» አለኝና ሄደ።

ክፍሉ ሁሉ ሽማግሌው ላይ ወረደ። ካቦው ጉልበታቸውን ይዞ «አባባ፣ ይሄ ይቅርታ ለኔ ቢመጣ እኮ እንደ ልጅ አዝዬው ነው የምሮጠው!» አለ። ሌላው ስለ ጤናቸው ተናገረ፣ ሌላው ስለ በዓሉ። አንዱም አልገባቸውም።

ሁሉም ሲደክመው ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ይቅርታ የተደረገለት ሰው ያጠፋ ሰው ነው። እኔ ነገ ሶንጎ እገባለሁ። ሁለት ሰው ተጣልቶ ፊቴ ይመጣል። አንተ አጥፍተሃል የምለው ሰው፣ አንተስ ቢለኝ? ፍርድ ቤት አጥፍተሃል ብሎኛል። አላጠፋህም ያለኝ የለም። እንዴት ነው የምቀመጠው?»

ካቦው ጉልበታቸውን ለቀቀ።

«አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሙኝ» አሉ። «እነሱ ካልሰሙኝ እናንተ ስሙኝ። ከዚያ እወጣለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «የዚህ ቤት ዳኛ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፈርኩበት።

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ብርድ ልብስ አልደረብኩም። ካቦው ኮዳዬን ካወረስኩት ሰው ተቀብሎ ፊቴ አስቀመጠልኝ። ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«አፊኒ?»

«እንሰማለን» አልን።

ጀመሩ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ውኃው እስከ የት ይመጣ እንደ ነበር። የማን ከብት በየት ወርዶ ይጠጣ እንደ ነበር። ለዓሣ አጥማጆቹ ያንን ቦታ ማን እንደ ሰጣቸው፣ ሲሰጥ እነማን ቆመው እንዳዩ፣ ከነዚያ ውስጥ እነማን ዛሬም በሕይወት እንዳሉ። አይቸኩሉም። አንዱን ነገር እንደ ድንጋይ አስቀምጠው፣ መርገጫነቱን በእግራቸው ፈትሸው ነው ወደ ሌላው የሚያልፉት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ሁልጊዜ ባልዲው ላይ የሚያንዣብበው የዝንብ መንጋ እንኳ ያረፈ መሰለኝ። ካቦው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል፤ ሹፌር ነኝና መንገድ አውቃለሁ የሚለው ሰው፣ ያንን የሐይቅ ዳር እንዳላየው ገና አሁን ገባው።

እኔስ? እኔ ባንድ ጆሮዬ ነበርኩ። ሌላው ጆሮዬ በር ላይ ነው። በመስኮቱ ብረት በኩል የገባው ፀሐይ ግድግዳውን እየወጣ ነው፤ ዓይኔ እሱን ይከተላል። እንዲህ የሚሮጥ ፀሐይ አይቼ አላውቅም፤ የሚያሳድዱት ሌባ ይመስል ነበር። ሽማግሌው የመጀመሪያው የአጥር እንጨት የተተከለበት ጠዋት ላይ ደረሱ። ማን አየ፣ ምን ተባለ። ከዚያ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ገቡ። ከኋላ የጮኸውን ሰው አልጠሩትም። «ሰው ሳቀ» ብቻ ብለው አለፉ።

«እኔ ያን ቀን ልጠይቅ የተነሣሁት...» አሉና ለትንፋሽ ቆሙ።

በሩ ተንኳኳ። «ሊዘጋ ነው! ትወጣላችሁ ወይስ ልሂድ?»

«ሰምተናል!» አልኩ እኔ።

እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም። ምላሴ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። ኮዳውን መታሁት፣ እንደገና መታሁት። «ይግባኝ ባይ ምንም አላጠፉም! በሙሉ ድምፅ! በነፃ ይሂዱ!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዱ በጣቶቹ አፏጨ። ልክ እንደዚያ ቀን።

ሽማግሌው አፋቸው በጥቂቱ እንደ ተከፈተ ቀረ። ያልወጣው ቃል እዚያው ከንፈራቸው ላይ ነበር፤ አየሁት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጉልበቴ ወረደ። ፌስታሌን በግራ እጄ ታቅፌዋለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ታቀፍኩት ነበር ለካ። ከነፌስታሉ የተቀመጠ ዳኛ።

ጭብጨባው አለቀ። ካቦው እንኳ አንገቱን ደፋ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ኖሮ ዛሬ ይህንን ባልጻፍኩ።

«ልጄ፣ ሚስትህ ፀሐይ ላይ ናት» አሉኝ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ጨርሻለሁ።»

አልጨረሱም። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እንዳልጨረሱ ያውቃል። ያንን ቃል ግን ከእሳቸው በቀር ማንም ሊለው አይችልም ነበር። ያለ እሱ የእኔ ፍርድ የባለጌ ፍርድ ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያ ቃል የዳኛ ካባ አለበሱኝ።

«አፊኒ?» አሉ።

«ሰምተናል» አለ ክፍሉ። እኔም አልኩ፤ የእኔ ድምፅ ግን ከሁሉም ያነሰ ነበር።

ተነሡ። የሱሪያቸውን አቧራ አራገፉ። ከእያንዳንዱ እስረኛ ጋር፣ ትናንት በዝውውር ከመጣው ሰው ጋር ሳይቀር፣ እጅ ተጨባበጡ። ከዚያ ከፊት ወጡ። ዘቡ እሳቸውን ለመድረስ መሮጥ ነበረበት፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ማን ማንን እንደሚፈታ ግራ ይገባው ነበር።

አሁን ይህንን ታሪክ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ። የካቴናው ጭብጨባ ላይ ስደርስ ሰው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ሻዩን አስቀምጦ እጁን የሚያነሣ አለ፣ እንዴት እንደ ነበር ሊያሳይ። ፍርዱ ላይ ስደርስ ይጨበጨብልኛል፤ እዚያ ላይ አቆመዋለሁ። የ«ጨርሻለሁ»ን ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም።

እሳቸው ሶንጎ ላይ አይቀመጡም። ማንም አልከለከላቸውም። ለሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሄደው ነገሯቸው፣ ነገሩ ሳይሰማ የተፈታ ሰው ነኝ ብለው። አሁን ከዛፉ ጥላ ዳር ላይ ሆነው ያዳምጣሉ፤ አይናገሩም ብለው የሚያውቋቸው ሰዎች ነገሩኝ። ይህን ስሰማ ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው፤ የእንሰት ቅጠል ይሰነጥቃሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን። ከዚያ እንደምንም አወጣሁት።

«አባባ፣ ያን ቀን የቀረውን ይንገሩኝ። ዛሬ ጊዜ አለኝ። እስኪመሽም ቢሆን፣ ሳምንትም ቢሆን እቀመጣለሁ።»

ቅጠሉን አስቀመጡ። ፈገግ አሉ፤ ለእኔ የሳቁት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

«ጨርሻለሁ ብያለሁ እኮ። ሰው ሁሉ ፊት። አሁን ልቀጥል?»

አጠገባቸው ያለውን ዱካ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«አንተ ግን አልተናገርክም» አሉኝ። «መዝገቡ የሁለታችን ነው። የአንተን ማን ሰማ?»

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በቀልድ ጀመርኩት። አልሳቁም፣ አላቋረጡኝምም። ስለ አዳራሹ ተናገርኩ፣ ስለዚያ ጣሪያ ተናገርኩ፣ ስለ ፌስታሉ ተናገርኩ። ቀልዱ እያለቀብኝ ሄደ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት ጆሯቸው፣ ያዳምጣሉ። ፀሐይዋ ስትወርድ አንድ ጊዜ እንኳ ወደሷ አላዩም። በመጨረሻ ድምፄ ሲቆም ዝም ብለው ጠበቁ፣ ምናልባት የቀረ ካለ ብለው። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ጨረስክ?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣልኝም። ይኸው እስካሁን እያወራሁ ነው።